ሐመሩ ሐ

ባለፈው የካቲት አንዲት ጓደኛዬ ሴዳር ሪቨርሳይድ ካሉት ባለቀለም ፎቆች በአንዱ ቤት ተከራየችና ሶፋዋን ላግዛት ሄድኩ። ኤሌቬተሩ ዐሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲከፈት የደረቀ ዓሣ ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ጓደኛዬ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ኦ ማይ ጋድ፣ ይሄንንማ ለማኔጅመንቱ ኮምፕሌይን አደርጋለሁ» አለች። በእኔ በኩል ያለውን የሶፋ ጫፍ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። «ካደረግሽ ሶፋሽን ብቻሽን ትሸከሚያለሽ» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሣቀች። አልቀለድኩም።

በዚያ ሽታ ውስጥ አንድ ክረምት ሙሉ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ክረምት ስል የሐምሌውን ዝናብ ማለቴ አይደለም፤ የሚኒሶታውን፣ ቅንድብ ላይ የሚረጋውን ማለቴ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት ተጀምሮ ወደ ዘጠና ዘጠኝ የተሻገረ የትምህርት ዓመት ነበር፤ እኔ ዐሥር ዓመቴ፣ አራተኛ ክፍል። ያኔ ዓሣውን ያደርቁ የነበሩት ሴት እማማ ሐሊማ ይባላሉ። ስማቸውን ማንም አርታኢ እንዳይነካብኝ፤ በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

እናቴ ጽጌ ሜፕልዉድ አካባቢ አረጋውያን የሚጦሩበት አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ በቀን ሽፍት ትሠራ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት የምመለሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እሷ ቤት የምትደርሰው ዐሥራ ሁለት ተኩል። አባቴ አዲስ አበባ ቀርቷል፤ የእሱ ነገር እዚህ ውስጥ አይገባም። ያንን ሦስት ሰዓት ተኩል የሚጠብቀኝ ሰው ስትፈልግ ነው ከእማማ ሐሊማ ጋር የተዋወቀችው። ቦታው ምድር ቤት ያለው ልብስ ማጠቢያ ነው። አንድ ጎረምሳ የእናቴን እርጥብ ልብስ ከማሽኑ አውጥቶ ወለል ላይ ጥሎት ኖሮ፣ አንዲት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ያጣፉ ሴትዮ በአማርኛ ሲያብጠለጥሉት እናቴ ደረሰች። ጎረምሳው አሜሪካዊ ስለነበር አንድም ቃል አልገባውም። እናቴ ግን እንዲህ ያለ ያማረ ስድብ ከአገሯ ከወጣች ወዲህ ሰምታ አታውቅም። ልብሷን ረስታ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው።

ሴትዮዋ ኤርትራዊ ሆነው ተገኙ፤ ከቀይ ባሕር ደሴቶች የአንዷ ልጅ። የአፍ መፍቻቸው አፋርኛ ነው። አማርኛውን የተማሩት በንጉሡ ጊዜ፣ ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ በነበረበት ዘመን፣ አንድ የወደብ ከተማ ላይ ከዓሣ ነጋዴ አጎታቸው ዘንድ ተቀምጠው ነው። መምህራቸው ከጎጃም የመጡ ደብተራ ነበሩ። በዚህ ምክንያት እማማ ሐሊማ አምስት ጊዜ የሚሰግዱ፣ ፊደል ሲጠሩ ግን እንደ ቤተ ክህነት ሰው የሚጠሩ ሴት ነበሩ። የሚኖሩት ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ ብቻቸውን ነው።

የመጀመሪያው ቀን እናቴ ስሜን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ቦርሳዬ ላይ ለጥፋልኝ ነበር፤ «ማህሌት» ብላ። እኔ ከእንግሊዝኛ በቀር ማንበብ አልችልም። እማማ ሐሊማ ወረቀቱን አዩና ጠረጴዛ ላይ ካለው የቆርቆሮ ጣሳ ቀይ እርሳስ መዝዘው ሁለተኛውን ፊደል ሰረዙት።

«ይሄ ሃሌታው ነው» አሉ። «ስምሽ በብዙኀኑ ኀ ነው የሚጻፈው። ዐሥር ዓመት ሙሉ በስሕተት ተጽፈሻል።»

«ኖ! ስሜ ልክ ነው» አልኳቸው።

«ጥሩ» አሉ። «ለስምሽ ትከራከሪያለሽ። አሁን ደግሞ አጻጻፉን ተማሪው።»

ትምህርቱ በዚህ ተጀመረ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኀኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አፍ ላይ አንድ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ግን እያንዳንዱ ቤት አለው። ሐመር ማለት ጀልባ ነው፤ ሐሊማ የሚጻፈው በጀልባው ነው። በተሳሳትኩ ቁጥር፣ «ጀልባ ያለ ወደቡ አታቁሚ» ይሉኝ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ልትወስደኝ መጥታ ይህን ሰማችና፣ «ሦስቱም ያው ሀ ነው እማማ፤ ምን አደከመዎት?» አለቻቸው። «ለጆሮ ያው ነው» አሉ፤ «ዐይን ላለው ሰው ግን አይደለም።»

በየገጹ ግርጌ መስመር አስምረው «የወላጅ ፊርማ» ብለው ይጽፉ ነበር። እናቴ ማታ ጫማዋን እያወለቀች፣ ገጹን ሳታይ፣ ለባንክ የምትፈርመውን ጥምዝምዝ ጫር አድርጋ ትመልስልኛለች። እማማ ሐሊማ ጥምዝምዙን አይተው፣ «ይሄ የማን ስም ነው?» ይላሉ። ያ ነገር ያሳፍረኝ ነበር።

ዓሣው በረንዳ ላይ፣ በናይለን ገመድ ተሰቅሎ ይደርቃል። የፎቁ ሥራ አስኪያጅ እንዲያነሡት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ሁለቱንም ደብዳቤዎች የዓሣ መጠቅለያ አደረጓቸው። «ዓሣ በዐይኑ ዓ እና በንጉሡ ሣ ነው የሚጻፈው» አሉኝ። «በንጉሥ የሚጻፍ ነገር ከበረንዳ አይወርድም።»

አሁን አንድ ሞኝነቴን ልናዘዝ። በመጀመሪያው ወር ውስጥ ስለ አገራቸው ስጠይቃቸው፣ «ደሴት ናት። እሳተ ገሞራ የወለዳት ደሴት» አሉኝ። እኔ የማውቀው ገሞራ አንድ ብቻ ነው፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚነግሩን፣ ከሰዶም ጋር በእሳት የጠፋው። ማስረጃውን ቤታቸው ውስጥ መሰብሰብ ጀመርኩ። ቴሌቪዥናቸው ላይ የተቀመጠች አንዲት ጥቁር፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነች ድንጋይ አለች፤ የተቃጠለች ለመሆኗ ምንም አያጠራጥርም። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ አንድ ጆንያ ጥሬ ጨው ቆሟል። ከሁሉም የባሰው ደግሞ፣ ወደ ኤርፖርቱ የሚወርድ አውሮፕላን በመስኮቱ ባለፈ ቁጥር እማማ ሐሊማ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ይሰጣሉ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ዞረው አያዩም። የሎጥ ሚስት ዞራ አይታ ምን እንደሆነች ማን ያጣዋል? ጨዉ ከየት እንደመጣ ሳስብ እንቅልፍ አልወስድ ይለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ትምህርት ቤት የእሳተ ገሞራ ሥራ ታዘዝን። ሁላችንም በጋዜጣና በሙጫ ተራራ ሠርተን፣ ቤኪንግ ሶዳ አድርገን፣ ኮምጣጤ አፈሰስንበት። ተራዬ ሲደርስ ለክፍሉ በእንግሊዝኛ አስረዳሁ፤ የደሴቲቱ ሰዎች ክፉዎች ስለነበሩ እግዚአብሔር አቃጠላቸው፤ አንዲት ሴት ብቻ አመለጠች፤ እሷም የእኔ ጎረቤት ናት። አስተማሪዋ በጣም ደስ የሚል እምነት ነው አለች።

ተራራውን ተሸክሜ ወደ እማማ ሐሊማ ወሰድኩት። ጠረጴዛቸው ላይ ኮምጣጤውን አፈሰስኩና አረፋው ገነፈለ።

«እሳተ ገሞራ ማለት ይሄ ነው?» አሉ።

«የስ።»

«ተነቅንቆ የተከፈተ ኮካ ነው እንጂ።» አረፋውን በጨርቅ ጠረጉ።

«እማማ፣ ሕዝቡ ምን ኃጢአት ሠርቶ ነው የተቃጠለው?» አልኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ። ከዚያ ድንገት ሣቃቸው ቆመ። ጥቁሯን ድንጋይ ከቴሌቪዥኑ ላይ አንሥተው መዳፌ ውስጥ አስቀመጧት። ቀላል ነበረች።

«ስሚኝ ማኅሌት። የእኛን ደሴት እሳት አላጠፋትም፤ እሳት ነው የሠራት። በቀትር ጫማ የሌለው ሰው አይረግጣትም፤ እኛ ግን ተወልደንባታል። ኃጢአት የለብንም። ኋላ ያቃጠሏት ሰዎች ናቸው። መርከብ ነበራቸው፤ አውሮፕላንም ነበራቸው። ሁለተኛ ይሄን በእግዚአብሔር ላይ እንዳታሳብቢ።»

«ጨዉስ?»

«ለዓሣ ነዋ!»

«አውሮፕላኑንስ ለምን አያዩትም?»

«አውሮፕላን አይቼ ጨርሻለሁ» አሉ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ አስተማሪዋን ተሳስቼ ነበር፤ ኃጢአት የለባቸውም አልኳት። ኦኬ አለችኝ።

በዚያ ዓመት ሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ይዋጉ ነበር። እናቴ ከሥራ ስትመጣ ኮቷን ሳታወልቅ ስልክ ትይዛለች፤ ሰው ሁሉ ስለ ድንበር ያወራል። ድንበር ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። በእኔ ግምት በእኛ በርና በእማማ ሐሊማ በር መካከል ያለው ቡናማ ምንጣፍ ነበር፤ ምክንያቱም የሚያወሩት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወደዚያ አቅጣጫ እያዩ ነው።

ከሁሉ አብዝታ የምታወራው እትዬ ሙሉ ናት። እናቴ የምትሠራበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ትሠራለች፤ ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ነው። ጠዋት ጠዋት በቶዮታዋ መጥታ እናቴን የምትወስዳት፣ ማታም የምትመልሳት እሷ ነበረች። መኪናዋ ባይኖር እናቴ በዚያ ብርድ ሁለት አውቶቡስ ትቀይር ነበር። አንድ ማታ ሶፋችን ላይ ተቀምጣ፣ «ልጅሽን ለእነሱ ጥለሽ ነው የምትውይው?» አለቻት። «ወንድሜ ግንባር ላይ ነው ያለው እኮ፣ ጽጌ። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። አንቺ ልጅሽን በእነሱ ታስቀልቢያለሽ።» ዐይኗ ቀልቶ ነበር። እትዬ ሙሉ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የፈራች ሴት ነበረች። ልጅ ሆኜ ግን ጠላኋት። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተውኳትም።

እትዬ ሙሉ ስትሄድ እናቴ፣ «ከፋሲካ በኋላ ሌላ ሰው እንፈልግልሻለን» አለችኝ።

«አይ አም ኖት ጎይንግ» አልኩ።

«በአማርኛ መልሺልኝ።»

«አልሄድም።»

«ማን አስተማረሽ እንዲህ መመለስ?» አለች። ማን እንዳስተማረኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚያኛው በር ያለው ወሬም ያው ነበር። የእማማ ሐሊማ ልጅ ሳልሕ ከከተማው ወጣ ብሎ አፕል ቫሊ የሚባል ቦታ ቤት ገዝቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና ምድር ቤቱን አሳምሬ ሠርቼልሻለሁ፣ ነይና አብረን እንኑር ይላቸዋል። አንድ ቅዳሜ ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ አይቶ ተናደደ። በአፋርኛ ነበር የሚያወራው፤ እማማ ሐሊማ ግን እኔም እንድሰማ ብለው መልሱን በአማርኛ አደረጉት።

«ፊደሉ የማንም ወታደር አይደለም» አሉት። «ተነሺ ተብዬ አንዴ ተነሥቻለሁ። ሁለተኛ አልነሣም።»

ሳልሕ ወደ እኔ አየና እሱም በአማርኛ ተናገረ። «አንድ ቀን በርሽ ላይ ነገር ይመጣል። ያን ቀን ሻንጣሽን ጭኜ ይዤሽ ነው የምሄደው፤ ቃልሽን ስጪኝ።»

እማማ ሐሊማ፣ «ከመጣ እሺ» አሉት። ይህቺ «እሺ» ሆዴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ጥር ላይ ዐይናቸውን ሞራ ጋረደው። ቀዶ ጥገናው ለበጋ ተቀጠረ፤ እስከዚያ የሚመጣላቸውን ወረቀት ሁሉ እኔ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ቀን የሐኪም ቀጠሮ ስጽፍላቸው ስማቸውን በሃሌታው ሀ ጻፍኩት። ወረቀቱን እስከ አፍንጫቸው አስጠግተው አዩና፣ «ጀልባዬን ወሰድሽብኝ» አሉ። ሣቅሁ። እሳቸው አልሣቁም። እርሳሱን አስቀምጠው ነገሩኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ደሴቲቱ ላይ አማርኛ ማንበብ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ የጦር መርከብ በመጣ ቁጥር ትእዛዙን ወደ አፋርኛ እየመለሱ ለሕዝቡ ያነባሉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ መኮንን ወረቀት ይዞ ወረደ። ለታጣቂዎች ስንቅ ታመላልሳላችሁ፤ ስለዚህ ጀልባዎች በሙሉ ዛሬውኑ ተሰብስበው ይቃጠሉ፣ ሕዝቡም ደሴቱን ለቆ ይነሣ ይላል።

«ታመላልሱ ነበር?» አልኳቸው።

«ዓሣ እናጠምድ ነበር። የራበው ሰው ሲመጣ ማን ነህ አንልም።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«አነበብኩ።»

ሕዝቡ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተሰብስቧል። እማማ ሐሊማ ወረቀቱን ዘረጉና፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ በአፋርኛ፣ «ጀልባ ያለው ከኋላ ከኋላ እየወጣ ይሂድ። ከትልቁ ዐለት ጀርባ ልጆቹን ያሳፍር። እናንተ እስክትጨርሱ እኔ አነባለሁ» አሉ። ከዚያ ቀጠሉ። የዓሣዎችን ስም በሙሉ ጠሩ። የዓሣ ስም ሲያልቅባቸው የአያት ቅድመ አያቶቻቸውን ስም ቆጠሩ። መኮንኑ ሰዓቱን አየና፣ «ሁለት መስመር ትእዛዝ ይሄን ያህል ይረዝማል?» አለ።

«በእኛ ቋንቋ ነገር ይረዝማል ጌታዬ» አሉት።

ሰባት ጀልባ አመለጠ። የወንድማቸው ጀልባ ብቻ ቀረች፤ ወንድማቸው መኮንኑ እንዳይጠረጥር ከፊት ቆሞ ሲያዋራው ነበርና። ጀልባዋን አቃጠሏት፤ ቤቶቹንም እንዲሁ። ወንድማቸውን በመርከቡ ወሰዱት። ስለ እሱ ከዚህ ሌላ አልነገሩኝም። መኮንኑ እማማ ሐሊማን ግራ ጆሯቸው ላይ በጥፊ መታቸው፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ጆሮ አልሰሙም። ለካ ሁልጊዜ በቀኜ ተቀመጪ የሚሉኝ ለዚህ ነው። እኔ ለጎበዝ ተማሪ የሚሰጥ ክብር መስሎኝ እኮራ ነበር።

«ግን ዋሽተዋል» አልኳቸው፤ በዚያ ዕድሜ ውሸት የሚባል ነገር በጣም ያሳስበኝ ነበር።

«ሥራዬ ማንበብ ነበር፤ አነበብኩ» አሉ። «ለማን እንደምታነቢ ማወቅም የንባብ ክፍል ነው።» ከዚያ ስማቸውን ሃያ ጊዜ በሐመሩ ሐ አስጻፉኝ።

ፋሲካ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በረዶው ቀልጦ ጎዳናው ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ስመጣ እማማ ሐሊማ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአማርኛ። ከስድስት ቃል አይበልጥም፤ ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩት። «የጠላት ሠላይ ከመሐላችን ትውጣ። ለሐገራችን እንቆማለን።» ይላል።

ሁሉም ቃል አልገባኝም። «ጠላት» እና «ትውጣ» ግን ገብተውኛል። የአፕል ቫሊው ምድር ቤት ታየኝ፤ ሻንጣው ሲጫን ታየኝ። ቴፑን በጥፍሬ መላጥ እንደጀመርኩ በሩ ተከፈተ።

«ምንድን ነው?» አሉ።

«ፔፐር ነው።»

«የምን ወረቀት? አንብቢልኝ።»

ወረቀቱን በሁለት እጄ ዘርግቼ ያዝኩ። ድምፄን ሳልለውጥ፣ «ለነዋሪዎች በሙሉ። ምድር ቤት ያሉት የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ተበላሽተዋል። እስከ ዐርብ ድረስ ይጠገናሉ። ታገሡን። እናመሰግናለን» ብዬ አነበብኩ።

እማማ ሐሊማ ዐይናቸውን አጥብበው ወረቀቱን አዩ። «ያ ሁሉ በሁለት መስመር?» አሉ።

«በአማርኛ ነገር ያጥራል» አልኳቸው።

በሩን ተደግፈው ሣቁ። ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ሣቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መስኮቱ ዘንድ ወስደው፣ አፍንጫቸውን አስነክተው፣ ሻል ባለው ዐይናቸው ቃል በቃል አነበቡት። አውሮፕላን ከላይ አለፈ፤ ጀርባቸውን አልሰጡትም፤ እያነበቡ ነበር። እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ።

«አይሂዱ» አልኳቸው። «ለሳልሕ አይንገሩት።»

«ቀዩን እርሳስ አምጪ» አሉ።

አመጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን፤ እኔ በቀኛቸው።

«የመጀመሪያውን ስሕተት አሳዪኝ።»

አፍንጫዬን ጠርጌ ፈለግሁ። «ሰላይ። በእሳቱ ሰ ነው።»

«አርሚው። ቀጥዪ።»

«ሀገራችን። ሃሌታው ነው።»

«አዎን። ለሀገሩ እቆማለሁ የሚል ሰው ሀገሩን መጻፍ ይቻል እንጂ።» ከዚያ እርሳሱን ከእጄ ወሰዱና ሦስተኛውን እሳቸው ከበቡት። «እዪ ይሄን! መሀል በሃሌታው ሀ ነው። እነሱ ጀልባዬን አመጡና አቆሙበት። በሐመሩ ሐ ሲሆን መሐላ ይሆናል። ከመሐላቸው ነው የሚያስወጡኝ። ከነሱ ጋር መች ማልኩና?»

ግርጌው ላይ «ከዐሥር ሰባት» ብለው ጻፉ። «ለእጅ ጽሑፉ ስል ነው» አሉኝ። ከበታቹ አንድ መስመር አሰመሩና፣ ለእኔ በየገጹ እንደሚያደርጉት፣ «የወላጅ ፊርማ» አሉበት። ወረቀቱን ራሳቸው ወስደው በሩ ላይ፣ ማንም ሊያጣው በማይችልበት ከፍታ፣ በአዲስ ቴፕ ለጠፉት።

«ነገር በበርዎ መጣ እኮ» አልኳቸው። «ለሳልሕ እሺ ብለውታል።»

«ነገር ከመጣ ነው ያልኩት» አሉ። «ይሄ የቤት ሥራ ነው።»

በዚያ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሰው አለፈ። በሩን ገርበብ አድርገን እናዳምጥ ነበር። አንዳንዱ እርምጃውን ያቆማል፣ ያነባል፣ ይሄዳል። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሣቀ። ወረቀቱን የነካ የለም።

ዐሥራ ሁለት ተኩል ላይ እናቴ መጣች። እትዬ ሙሉ አብራት ነበረች፤ ለፋሲካ የገዙትን ዕቃ እያገዘቻት። በሩን ከፍቼ ወጣሁ። እናቴ ዕቃዋን እንደያዘች ቆማ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ሰማያዊውንም ቀዩንም። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። እትዬ ሙሉ ግን ሳታነበው ነው ፊቷን ያዞረችው።

«ጽጌ፣ ነይ እንሂድ» አለች። «ልጅሽን ይዘሽ ግቢ። በዚህ ውስጥ እጅሽን አታስገቢ።»

እናቴ ሰማያዊ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው፤ እግሯ አብጦ ጫማዋ ጠቧታል። መስመሩን እያየች ቆየች። እማማ ሐሊማ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ፊታቸው እንዲያ ጠቁሮ አይቼው አላውቅም። የፈሩት ጽሑፉን ሳይሆን ይቺን ደቂቃ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

«የሚጽፍ ነገር አምጪልኝ» አለች እናቴ።

ቀዩን እርሳስ ሰጠኋት። ፌስታሎቹን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ጥምዝምዟን ትጭራለች ብዬ ነበር። በሩን እንደ ሰሌዳ ተደግፋ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ቀስ ብላ መጻፍ ጀመረች። «ጽጌ ወልዴ» ብላ ጻፈች። ቀጥላ «የማ» አለችና እርሳሷ ቆመ። ወደ እኔ ዞረች።

«ብዙኀኑ ነው አይደል?»

«ብዙኀኑ ነው» አልኳት።

«የማኅሌት እናት» ብላ ጨረሰች።

እትዬ ሙሉ የያዘችውን ፌስታል መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ኤሌቬተሩ ሄደች። እማማ ሐሊማ ወደ ወረቀቱ ጠጋ አሉ፤ አፍንጫቸውን አስነክተው ስሙን ፊደል በፊደል ተከተሉት። እርሳሱን ከእናቴ እጅ ወሰዱ። የሚያርሙት አጡ።

«ስሕተት የለበትም» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ቶዮታዋ አልመጣችም። እናቴ ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድማ ቦት ጫማዋን አስራ ለአውቶቡስ ወጣች። በእማማ ሐሊማ በር ስታልፍ ቆም ብላ ስሟን አነበበችና ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔም ደብተሬን ይዤ ድንበሩን ተሻገርኩና አንኳኳሁ።